የግንባታ ውል አስተዳዳሪ የማን ወገን ነው?

ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ሐይቅ ዙሪያ ከተሞች በደረሱን ደብዳቤዎች አሠሪዎችም፣ ተቋራጮችም፣ ሳይት ላይ የሚውሉ ባለሙያዎችም በአንድ ሰው ሥራ ላይ ጥያቄ አንሥተዋል። እርሱም በውል ሰነድ ውስጥ «መሐንዲሱ»፣ «አማካሪው» ወይም «የውል አስተዳዳሪው» እየተባለ የሚጠቀሰው ባለሙያ ነው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳንገልጽ እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ ጂ+4 ሕንፃ በማስገንባት ላይ እገኛለሁ። ዲዛይኑን የሠራው አማካሪ ውሉንም እንዲያስተዳድር ከተቋራጩ ጋር በተፈራረምነው ሰነድ ላይ ተጽፏል፤ የአገልግሎት ክፍያውን የምከፍለውም እኔ ነኝ። በቅርቡ ተቋራጩ ሥራውን ስላጓተተብኝ የዚህን ወር ክፍያ እንዲይዝልኝ ብጠይቀው «የተሠራውን ሥራ መመስከር ግዴታዬ ነው» ብሎ የክፍያ ሰርተፊኬቱን ፈርሞ አመጣልኝ። ገንዘቤን እየተቀበለ ለሌላው የሚያደላ ከሆነ ምን ይጠቅመኛል? ሳይት ላይ የሚውል ተቆጣጣሪ እያለኝስ ይህ ሰው ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ሆኖም በደብዳቤዎ ከገለጹት ስነሣ አማካሪዎ ለተቋራጩ አላደሉም፤ ሊያደርጉ የሚገባቸውን ነው ያደረጉት። ይህን የምለው ስሜትዎን አቃልዬ አይደለም። ክፍያውን ቢይዙልዎ ኖሮ ሊደርስብዎ የሚችለው ጉዳት አሁን ከሚሰማዎ ቅሬታ ይከፋ ስለነበር ነው።

የውል አስተዳዳሪ ሁለት ዓይነት ሥራ ደርቦ የሚሠራ ባለሙያ ነው። በመጀመሪያ የእርስዎ እንደራሴ ነው፤ በስምዎ ሥዕሎችን ለተቋራጩ ይሰጣል፣ ትእዛዝ ያስተላልፋል፣ የሥራውን ጥራት ይመረምራል፣ ወጪውና ጊዜው የት እንደደረሰ ያሳውቅዎታል። በዚህ በኩል ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ሰው ነው፤ ጥቅምዎን ማስቀደምም ይጠበቅበታል። ሁለተኛው ሥራው ግን ምስክርነትና ውሳኔ ነው፤ ምን ያህል ሥራ እንደተሠራ ለክቶ የክፍያ ሰርተፊኬት ይፈርማል፣ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ይገባው እንደሆነ ይወስናል፣ ሕንፃው ለርክክብ መድረሱን ያረጋግጣል። በዚህ ጊዜ አስተዳዳሪው በአንድ ወገን ተጠርቶ እንደመጣ ሽማግሌ ነው፤ የጠራው ማንም ይሁን ማን፣ አንዴ ከተቀመጠ የሁለቱንም ቃል ሰምቶ ያየውን መናገር አለበት።

ይህ ድርብ ኃላፊነት በዓለም አቀፍ ውሎችም ሲያከራክር የኖረ ነው። የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዲክ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው፣ «ቀይ መጽሐፍ» የሚባለው መደበኛ የግንባታ ውል አራተኛ እትም መሐንዲሱ ሲወስን ከአድልዎ የራቀ እንዲሆን በግልጽ ያዝዝ ነበር። የ1999 እትም በአንጻሩ መሐንዲሱ ለአሠሪው እንደሚሠራ ደነገገ፤ ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች ባልተስማሙበት ጉዳይ ላይ ሲወስን ውሉን ተከትሎና ሁኔታዎችን ሁሉ አመዛዝኖ ትክክለኛ ፍርድ እንዲሰጥ ግዴታ ጣለበት። የ2017 እትም ደግሞ ይህን ውሳኔ በሚሰጥበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ገለልተኛ እንዲሆንና ለአሠሪው እንደሚሠራ እንዳይቆጠር በማያሻማ ቋንቋ ጽፏል። በእኔ እምነት ይህ የመጨረሻው አጻጻፍ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ተቋራጩ ምስክሩ እንደማይበድለው ካመነ ዋጋ ሲሰጥ ለሥጋቱ ብሎ የሚጨምረው ገንዘብ ይቀንሳል፤ የዚህም ተጠቃሚ አሠሪው ነው።

እርስዎ የፈረሙት ውል ፊዲክን የተከተለ ላይሆን ይችላል፤ በአገራችን ብዙ የግል ሕንፃዎች የሚሠሩት በ1987 ዓ.ም. የሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ባወጣው መደበኛ የውል ሁኔታ ወይም ከእርሱ በተቀዳ ሰነድ ነው። የትኛውም ቢሆን ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። በውሉ ላይ «በየወሩ የተሠራው ሥራ ተለክቶ ይከፈላል» ተብሎ ከተጻፈ፣ መክፈል የእርስዎ ግዴታ፣ ለክቶ መመስከርም የአስተዳዳሪው ግዴታ ነው።

ስለ መዘግየቱ ያለዎት ቅሬታ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። አስተዳዳሪው ተቋራጩን የተሻሻለ የሥራ መርሐ ግብር እንዲያቀርብ በደብዳቤ ሊያዝዘው፣ መዘግየቱ የማን እንደሆነ ሊመረምር፣ የማጠናቀቂያው ቀን ካለፈም በውሉ የተቀመጠውን የመዘግየት ካሣ ከክፍያ ላይ እንዲቀነስ ሊያደርግ ይችላል። የተሠራን ሥራ ዋጋ መያዝ ግን ለተቋራጩ ራሱ ያልጠበቀውን ነጻነት ይሰጠዋል። በፊዲክ የ1999 ውል መሠረት በጊዜው ያልተከፈለው ተቋራጭ የ21 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ሊያቆም ወይም ሊቀንስ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ለሚባክነው ጊዜም ማራዘሚያና ወጪ ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር እስከ ትናንት የተቋራጩ የነበረው መዘግየት ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርስዎ ይሆናል። አማካሪዎ ያዳኑዎት ከዚህ ነው።

ሰርተፊኬቱ ራሱ ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳይዎት። የውልዎ ዋጋ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ 40,000,000 ብር፣ ቅድመ ክፍያው 20 በመቶ፣ ከየክፍያው ላይ ተቀንሶ የሚቆየው መያዣ ገንዘብ 5 በመቶ ነው እንበል። ተቋራጩ እስከ ዛሬ ድረስ የ16,500,000 ብር ሥራ ሠርቻለሁ ብሎ ጥያቄ ያቀርባል። አስተዳዳሪው ከተቋራጩ ተወካይ ጋር ሆኖ ሲለካ ገና ያልተሞላ የሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል፣ አርማታና ያልተጠናቀቀ የብሎኬት ግንብ ተካትቶ ያገኛል፤ እነዚህን አውጥቶ 14,000,000 ብር ይመሰክራል። ከዚህ ላይ መያዣው 700,000 ብር፣ የቅድመ ክፍያ ተመላሹም በተመሳሳይ መጠን ሲታሰብ 2,800,000 ብር ይቀነሳል፤ 10,500,000 ብር ይቀራል። ባለፉት ሰርተፊኬቶች 7,500,000 ብር ተከፍሎ ከነበረ የዚህ ወር ተከፋይ 3,000,000 ብር ብቻ ነው፤ ታክሱ ለብቻው ይሰላል። ልብ ይበሉ፤ ተቋራጩ አለኝ ካለው ላይ 2,500,000 ብር የቀነሰው እርስዎ «ለሌላው ያደላል» ያሉት ሰው ነው። ሰርተፊኬቱን ሲቀበሉ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይመልከቱ፤ ከኋላው የተያያዘውን የልኬት ወረቀት፣ ማለትም ቴክኦፍ ሺቱን፣ እንዲያብራሩልዎ ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ሙሉ መብትዎ ነው።

ሳይት ላይ የሚውለው ተቆጣጣሪ የሚያየው ፌሮው በሥዕሉ መሠረት መታሰሩን፣ አርማታው በትክክል መደባለቁንና መመታቱን ነው። የውል አስተዳዳሪው የሚያየው ደግሞ ይህ ሁሉ በውሉ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያስከትል ነው፤ አንድ ግድግዳ ከቦታው ቢነሣ በዋጋና በጊዜ ላይ ምን ይመጣል? ተቋራጩ ያስያዘው ዋስትና መቼ ያልቃል? የትኛው ደብዳቤ በስንት ቀን ውስጥ መመለስ አለበት? በትንሽ ቤት አንድ ባለሙያ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። የእርስዎ ሕንፃ ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ባስቀመጠው አመዳደብ ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች ከሚገኙበት ከምድብ «ሐ» የሚገባ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ሕንፃ ውሉን የሚያስተዳድር ባለሙያ ቀንሶ ወጪ ማዳንን አልመክርም።

አንድ ነገር ልጨምር። አስተዳዳሪው ውሉን ይፈጽማል እንጂ አይለውጥም። ከሁለታችሁ የተጻፈ ስምምነት ውጭ ዋጋ ቢያሻሽል፣ የተቋራጩን ግዴታ ቢያነሣ ወይም ዋስትናውን ቢመልስለት ከሥልጣኑ ወጥቷል፤ ያን ጊዜ ቅሬታዎ ትክክለኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ። ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቦታ ለእንግዳ ማረፊያ መሠረት ስንቆፍር በሥዕሉ ላይ የተመለከተው ጥልቀት ላይ ደርሰን ዋልካ አፈርና ውኃ አገኘን። የውል አስተዳዳሪው መጥተው አይተው «ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ቆፍሩና በሰለክት ማቴሪያል (ለሙሌት በተመረጠ አፈር) ሙሉት» አሉን፤ ያሉንን ሠራን። ከሦስት ወር በኋላ የተጨማሪ ሥራ ክፍያ ስንጠይቅ አሠሪው «የጽሑፍ ትእዛዝ አምጡ» አሉ፤ አስተዳዳሪውም ዝም አሉ። መብታችን ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አልጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን በገዛ እጃችሁ አዳክማችሁታል። አስተዳዳሪውም ከወቀሳ አያመልጡም።

በቅድሚያ ውላችሁን ገልጣችሁ ዋጋው እንዴት እንደተዋቀረ እዩ። ሥራው በነጠላ ዋጋና በሥራ ዝርዝር ላይ የተመሠረተና በልኬት የሚከፈል ከሆነ፣ ቁፋሮና ሙሌት በዝርዝሩ ውስጥ አስቀድመው የተጻፉ ሥራዎች ናቸው። በዝርዝሩ ላይ ያለው መጠን ግምት ነው፤ የሚከፈለው ግን በተጨባጭ የተሠራው ተለክቶ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት ነገር «ተጨማሪ ክፍያ» ሳይሆን የሠራችሁት ሥራ ትክክለኛ ልኬት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በብዙ ውሎች የተለየ ማስታወቂያ አይጠይቅም። ጥንቃቄ የሚያሻው የቁፋሮው ነጠላ ዋጋ ብዙ ጊዜ በጥልቀት ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ ነው፤ እስከ 1.5 ሜትር አንድ ዋጋ፣ ከዚያ እስከ 3 ሜትር ሌላ ዋጋ ይሆናል፤ ከመጨረሻው የጥልቀት እርከን በታች ለተቆፈረው ዋጋ ካልተሰጠ አዲስ ነጠላ ዋጋ መስማማት ያስፈልጋል። ውኃ በፓምፕ ያወጣችሁበት ወጪም በዝርዝሩ ላይ ራሱን ችሎ መጻፍ አለመጻፉን ተመልከቱ። ውሉ በጥቅል ዋጋ የተፈረመ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ የሚቀራችሁ የለውጥ ሥራ ወይም ያልተጠበቀ የመሬት ሁኔታ ብሎ መጠየቅ ነው።

በዚህኛው መንገድ የጊዜ ገደብ ይመጣል። በፊዲክ የ1999 ውል መሠረት ተቋራጩ ለጥያቄው ምክንያት የሆነውን ነገር ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ፣ በ42 ቀን ውስጥ ደግሞ ከነማስረጃው ዝርዝር ማቅረብ አለበት። የ28 ቀኑ ካለፈ ጊዜም ገንዘብም አያገኝም። የቃል ትእዛዝን በተመለከተም ይኸው ውል ቀላል መውጫ አስቀምጧል፤ ትእዛዙን በቃል የተቀበለ ተቋራጭ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ «እንዲህ ተብለን ታዝዘናል» ብሎ በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ መሐንዲሱ ደብዳቤው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ወይም ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ ያ ማረጋገጫ ራሱ የጽሑፍ ትእዛዝ ሆኖ ይቆጠራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለግንባታ ሳይት የተነገረ ይመስለኛል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ለአስተዳዳሪው ቢሮ አስገብታችሁ ቅጂውን ብታስፈርሙ ኖሮ ዛሬ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር።

አሁንም ቢሆን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ሥራው በተሠራ ሰሞን የተያዘውን ሁሉ ሰብስቡ፤ ሳይት ላይ ያለው የትእዛዝ መዝገብ፣ የዕለት ሥራ ሪፖርት፣ የሰርቬየሩ የከፍታ ንባብ፣ ሰለክት ያመጡ መኪናዎች የጭነት ደረሰኝ፣ በስልክ የተነሡ ፎቶግራፎች ከነቀናቸው ጠቃሚ ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው በሁለቱ ወገኖች የተፈረመ ልኬት ነው። የመሠረት ጉድጓድ ሊን ኮንክሪት፣ ማለትም ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ስስ አርማታ፣ ከፈሰሰበት በኋላ ተመልሶ አይለካም፤ ስለዚህ ከመሸፈኑ በፊት የእያንዳንዱ ፉቲንግ (የዓምድ መሠረት) ጉድጓድ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በቴክኦፍ ሺት ላይ ሰፍሮ ከግርጌው የተቋራጩም የአማካሪውም ፊርማ ሊያርፍበት ይገባል። ይህ ወረቀት በእጃችሁ ካለ ትእዛዙ በቃል መሰጠቱ ያን ያህል አይጎዳችሁም፤ አስተዳዳሪው ያልፈለጉትን ሥራ ቆመው አይለኩም ነበርና።

የአፈር ምርመራ ሪፖርቱ የተዘጋጀበትን ወርም እዩ። የጣና ውኃ ከፍታ ዝቅ የሚለው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ሲሆን ከፍ የሚለው ደግሞ ዝናቡ ካበቃ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በሐይቁ ዳር ባለ ዝቅተኛ መሬት ላይ የከርሰ ምድር ውኃም ከክረምት በኋላ ወደ ላይ ይቀርባል። ምርመራው በግንቦት ተደርጎ ጉድጓዱ «ደረቅ» ከተባለና እናንተ በጥቅምት ቆፍራችሁ ውኃ ካገኛችሁ፣ የልዩነቱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ አሠሪው በበኩላቸው «የሐይቅ ዳር መሬት መሆኑን እያወቃችሁ ነው ዋጋ የሰጣችሁት» ሊሉ ይችላሉ፤ ይህም ክብደት ያለው መከራከሪያ ነው። ልምድ ያለው ተቋራጭ አስቀድሞ ሊገምተው ይችል ነበር ወይ የሚለውን መመዘን የአስተዳዳሪው ሥራ ነው።

ስለዚህም ዝምታቸውን አልቀበለውም። ትእዛዙን ሰጥተው ከሆነ ሰጥቻለሁ ብለው መጻፍ፣ ካልሰጡም አልሰጠሁም ብለው ምክንያቱን መግለጽ ግዴታቸው ነው። ከሥልጣናቸው በላይ አዝዘው ከሆነ አሠሪውን በወቅቱ ማሳወቅ ነበረባቸው። ዝም ያለ አስተዳዳሪ ለሁለቱም ወገን አይጠቅምም፤ በሁለት መስመር ደብዳቤ ይዘጋ የነበረውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም ለግልግል ዳኛ ትቶ ነው የሚሄደው። የጽሑፍ ውሳኔ እንዲሰጧችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ለአሠሪውም ግልባጭ አድርጉ።

ጥያቄ፦ የሲቪል ምሕንድስና ትምህርቴን አጠናቅቄ በአንድ አማካሪ ድርጅት ሥር በተጠሪ መሐንዲስነት፣ ማለትም ድርጅቱን ወክዬ ሳይት ላይ እንድውል፣ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራበት ሳይት ተቋራጭ በየወሩ መጨረሻ ሥራው ሳይደርስ «እህቴ፣ የሠራተኛ ደመወዝ መክፈያ ቸግሮኝ ነው፤ በሚቀጥለው ወር እናስተካክላለን» እያሉ ያልተሞላ ሶሌታ እንድመሰክርላቸው ይወተውቱኛል። ሰውየው ቅን ናቸው፤ ሥራቸውም ጥሩ ነው። ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ አይቻልሽም፤ ቅንነታቸውም ነገሩን አይለውጠውም።

እ.ኤ.አ. በ1974 በዚያን ጊዜ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የወሰነው የሳትክሊፍና የታክራህ ክርክር ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። የቤት ግንባታ የሚያስተዳድሩ አርክቴክቶች ጉድለት ላለበት ሥራ ጭምር ክፍያ መሰከሩ፤ ተቋራጩ ከሥራው ተሰናበተ፣ ከዚያም ከሰረ፤ አሠሪው ገንዘቡን ከእርሱ ማስመለስ ስላልቻለ አርክቴክቶቹን ከሰሰ። እነርሱ በሁለት ወገኖች መካከል የምንወስን እንደመሆናችን እንደ ዳኛ ከክስ ነጻ ነን ብለው ተከራከሩ። ምክር ቤቱ ግን መስካሪው በሁለቱ መካከል በቅንነት መሥራት እንዳለበት ተቀብሎ፣ ያም ሆኖ በቸልተኝነት አብዝቶ ለመሰከረው ኃላፊ እንደሚሆን ወሰነ። የእንግሊዝ ፍርድ በእኛ ፍርድ ቤት ላይ ግዴታ አይጥልም፤ አመክንዮው ግን ለእኛም ሳይት ይሠራል። አንቺ ያልተሞላን ሶሌታ ስትመሰክሪ የአሠሪውን ገንዘብ ያለ ዋስትናና ያለ ፈቃዳቸው ማበደርሽ ነው።

ተቋራጩን በሕጋዊ መንገድ መርዳት ግን ትችያለሽ። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የሶሌታው ፌሮ በኪሎ፣ ፎርምወርኩ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) በካሬ ሜትር፣ አርማታው በሜትር ኩብ ለየብቻ ተቀምጠው እንደሆነ ፌሮው ታስሮ ፎርምወርኩ ካለቀ የእነርሱን ለክተሽ መስክሪ፤ የሚቀረው አርማታው ብቻ ነው። ውሉ ሳይት ላይ ለደረሰ ዕቃ ከፊል ክፍያ የሚፈቅድ ከሆነ ያንንም ተጠቀሚ፤ ለምሳሌ በፊዲክ የ1999 ውል አስቀድመው በዝርዝር ለተጠቀሱና በአግባቡ ለተቀመጡ ዕቃዎች ከወጪያቸው 80 በመቶ ሊታሰብ ይችላል። ከሁሉም በላይ ሰርተፊኬቱን አታዘግዪባቸው። የተቋራጮች የደመወዝ ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልኬቱ በአማካሪው ጠረጴዛ ላይ ሳምንታት ስለሚተኛ ነው፤ ይህን ለማስተካከል የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

በውክልና ደብዳቤሽ ላይ የትኛው ሥልጣን እንደተሰጠሽም አረጋግጪ። ለብዙ ተጠሪ መሐንዲሶች የሚሰጠው ሥራን የመመርመር፣ የመለካትና ጉድለት ያለበትን የመቃወም ሥልጣን ነው፤ ጊዜ ማራዘምና አዲስ ዋጋ ማጽደቅ በዋናው መሥሪያ ቤት ይቀራል። ውትወታው ከቀጠለ ለኃላፊሽ በጽሑፍ አሳውቂ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ግንባታ ኮሚቴ አባል ነኝ። ተቋራጩ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ምክንያት ሥራ ስለቆመ ሁለት ወር ይራዘምልኝ ይላል። ይገባዋል?

መልስ፦ ዝናብ በመዝነቡ ብቻ አይገባውም። በባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚዘንብ፣ ሐምሌና ነሐሴም እጅግ እንደሚበረቱ ውሉን ሲፈርም ያውቃል፤ መርሐ ግብሩንም በዚያው ልክ ማውጣት ነበረበት። አብዛኞቹ መደበኛ ውሎች ማራዘሚያ የሚፈቅዱት ከተለመደው በእጅጉ ለከፋ የአየር ሁኔታ ነው፤ ያን ለማሳየት ደግሞ የዚህን ዓመት የዝናብ መጠን ካለፉት ዓመታት መዝገብ ጋር የሚያነጻጽር የሜትዎሮሎጂ መረጃና ዝናቡ በወሳኝ ሥራ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ የሚያሳይ የዕለት ሪፖርት ማቅረብ አለበት። አንድ ጉዳይ ግን ይመርምሩ፤ የቦታ ርክክቡ ወይም ቅድመ ክፍያው በኮሚቴው ምክንያት ዘግይቶ በበጋ መጠናቀቅ የነበረበት መሠረት ወደ ክረምት ተገፍቶ ከሆነ፣ የክረምቱ ኪሣራ የኮሚቴው ይሆናል። የውል አስተዳዳሪያችሁ ይህን ለይተው በጽሑፍ ይወስኑ፤ ኮሚቴው በስብሰባ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሕንፃዬ ሊጠናቀቅ ነው። የውል አስተዳዳሪው ሥራ በርክክብ ቀን ያበቃል?

መልስ፦ አያበቃም። በጊዜያዊ ርክክቡ ዕለት አስተዳዳሪው ክፍል በክፍል እየዞሩ የቀሩና የተበላሹ ሥራዎችን ዝርዝር ያወጣሉ፤ ለእያንዳንዱም ማረሚያ ቀን ይቆርጣሉ። በተለመደው አሠራር ከመያዣው ገንዘብ ግማሹ በዚህ ጊዜ ይለቀቃል፤ ቀሪው ግማሽ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት የሚሆነው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ሲያልቅ ነው። ይህን ዓመት በዋዛ አያሳልፉት። ርክክቡ በታኅሣሥ ከሆነ ጣሪያው፣ አሸንዳውና የፍሳሽ መስመሩ ገና አልተፈተኑም፤ በዋልካ ላይ ያረፈ የግቢ ንጣፍና አጥርም አፈሩ ሲርስ ማበጥ፣ ሲደርቅ መሰንጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ አስተዳዳሪው በነሐሴ ዝናብ እየዘነበ አንድ ጊዜ፣ መሬቱ ከደረቀ በኋላም ሌላ ጊዜ መጥተው እንዲያዩ በአገልግሎት ውላቸው ላይ ያስጽፉ።

ከመጨረሻው ርክክብ በኋላም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 መሠረት ተቋራጩ ሥራው በአግባቡ ስለመሠራቱና ስለ ሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ስምምነት ዋጋ የለውም። መብቱን ለመጠቀም ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ሰርተፊኬት ከመቀበልዎ በፊት በተሠራው ልክ የታረሙትን ሥዕሎች፣ የአርማታ ኪዩብ (የጥንካሬ መፈተኛ ናሙና) የ7 እና የ28 ቀን የምርመራ ውጤቶችን፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርቱን፣ የለውጥ ትእዛዞችንና የርክክብ ቃለ ጉባኤዎችን በአንድ ማኅደር ከአስተዳዳሪው ተረክበው ለ10 ዓመት ያኑሯቸው።